ላይኛው የቢያድግ ነው

ነገሩ የደረሰው ካቻምና በግንቦት ወር፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ወረታ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ባለች አንዲት የጽሕፈትና የማስታወቂያ ሥራ ቤት እሠራ ነበር። ዛሬም እዚያው ነኝ። በየቀኑ ሰው ማመልከቻውን ታቅፎ ወደ ችሎት ሲገባና ሲወጣ አያለሁ፤ ስለዚህ ልርሳው ብል እንኳ ቦታው አያስረሳኝም። ግን በቦታው ብቻ አይደለም። በዕድሜዬ አሳምሬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ሥራ አንዲትን ሴት መሬቷን አሳጣት። መጥፎ ሥራ ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ ብሎ አያየውም ነበር፤ ጉዳትም ባላደረሰ።

ቀን ቀን ማመልከቻ እተይባለሁ፣ የሱቅ ስም በቀለም እጽፋለሁ፣ ለሠርግ ጥሪ ካርድ ሁለት ሁለት መስመር ግጥም አበጃለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። በተበላሸ ወረቀት ጀርባ እየጻፍሁ፣ እየሰረዝሁ ነው የለመድሁት። ከመሰረዝ አንድ ነገር የተማርሁ መስሎኝ ነበር። የማያስፈልገው ቃል በወጣ ቁጥር የቀረው ይጠነክራል። ይህን ሕግ ለሁሉ ነገር የሚሠራ አድርጌ ይዤው ነበር።

እቴ አጸደን ወደ እኔ ያመጣት ጠበቃዋ አቶ ዮናስ ነው። አቶ ዮናስ ከሌላ ዞን የመጣ፣ ወረታ ከገባ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። እሷ ሃምሳ የተጠጋች፣ ባሏ የሞተባት፣ ቀጭንና ፈጣን ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን «እንደምን ዋሉ» ስላት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች።

«ማንን ነው?» አለችኝ።

«እርስዎን ነዋ።»

«አንቱ አትበይኝ፤ ገና ጥርሴን አልጨረስሁም። አጸደ በይኝ፤ ካፈርሽ እቴ ጨምሪበት።»

ከዚያ ወዲህ እቴ አጸደ ሆነች።

ጉዳይዋ እንዲህ ነው። ባሏ ቢያድግና የቢያድግ ታናሽ ወንድም ጌጡ ከአባታቸው የወረሱት መሬት ነበራቸው። መሬቱ ያለው ጉማራ ወንዝ ዳር፣ ከአስፋልቱ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ላይ ነው። ደብተሩ በአባታቸው ስም እንዳለ ወንድማማቾቹ በሽማግሌ ፊት ለሁለት ተካፈሉት። ሁለቱ ማሳዎች ወንዙን ተከትለው የተያያዙ ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ቦይ ብቻ ነበር። ቢያድግ ከሞተ በኋላ በአንድ ክረምት ጉማራ ዳሩን ሰብሮ ወጣ። አንደኛው ማሳ ላይ ጉልበት የሚደርስ አሸዋ ቆልሎ፣ ሌላውን ጥሩ ደለል አልብሶት ሄደ። ቦዩም ጠፋ። ውኃው ሲጎድል አያ ጌጡ በሬዎቹን ነድቶ ደለል የለበሰውን አረሰና «የእኔ ይኼ ነው፤ አሸዋ የበላው የወንድሜ ነው» አለ።

እቴ አጸደ ከዚያ ማሳ ሌላ የላትም። ሩዙን ታነሣለች፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ትዘራበታለች፣ ዓመቱን በዚያ ትገፋለች። አሸዋው ላይ ግን ሣር እንኳ አልበቀለም።

የመሬት ባለሙያ ሄዶ አየና ንድፍ አነሣ። የወሰን ምልክቱ በጎርፍ ስለጠፋ በሰው ምስክር ይጣራ ብሎ ጻፈ። ካካፈሏቸው ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ደግሞ ቄስ መርሻ ብቻ ነበሩ። ቄስ መርሻ የእቴ አጸደ የንስሐ አባት ናቸው። የማን ማሳ የት እንደነበር እሳቸው ያውቃሉ፤ ይመሰክራሉም።

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አልሁት አቶ ዮናስን።

«ዳኛ በቀን ስንት መዝገብ ይሰማል?» አለኝ። «ሁሉም አዋሳኝ ነው፤ በዚህ በኩል እገሌ፣ በዚያ በኩል እገሌ። ጆሮ ይደክማል። ዓይን ግን አልደከመም። አንቺ ዓይናቸውን ያዢልኝ። አንድ ትልቅ ሥዕል፣ ከችሎቱ ጫፍ የሚታይ፣ ለአንድ ጥያቄ ብቻ መልስ የሚሰጥ።»

እንዲህ ያለ ሥራ ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም። በደስታ ተቀበልሁ።

ቦታውን ሳላይ አልሥልም ብዬ ከእቴ አጸደ ጋር ሄድሁ። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር ድልድዩ አጠገብ አወረደን። እሷ ከፊት ሆነች።

«በይ እንውረድ» አለችኝ።

ወዴት እንደምንወርድ ግራ ገባኝ። ሜዳው እንደ ተነጠፈ ጀንዲ ዝርግ ነው። ከእግሬ ሥር ጀምሮ ጣና ዳር እስኪደርስ አንድ ጉብታ የለበትም።

«ውረጅ እንጂ ልጄ። የከተማ ጫማሽ ጭቃ ይፈራል እንዴ?»

መውረድ ያለችውን እንደ አነጋገር ወሰድሁት። ወጥቼ ወርጄ ሁለቱንም ማሳ አየሁ። መጀመሪያ ያገኘነው ደለል የለበሰው ነው፤ አያ ጌጡ አርሶታል። አልፈነው ወደ ጣና ስንሄድ አሸዋው መጣ። እቴ አጸደ አሸዋው ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ሰብስባ ዳር ዳሩን ዞረች። ስንመለስ አስፋልቱ ላይ ቆሜ ዞር አልሁ። አስፋልቱ ከእግሬ ሥር፣ ከዚያ የእሷ ማሳ፣ ከዚያ የጌጡ፣ ከሁሉም ወዲያ ጣና እንደ ስስ ክር። ሥዕሉን ያኔውኑ አገኘሁት።

የመጀመሪያውን በወረቀት ሞከርሁ። የባለሙያውን ንድፍ ቀድቼ የሰሜን ቀስቱን፣ የአዋሳኞችን ስም፣ ልኬቱን፣ ዛፉን፣ ጎጆውን ሁሉ አስገባሁ። አቶ ዮናስ አየውና «ይኼ የቅዳሜ ገበያ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ዓይን የሚያርፍበት አልነበረውም። ስለዚህ እንደ ግጥሜ መሰረዝ ጀመርሁ። ልኬቱ ወጣ፤ ጠቡ በስፋት አይደለም። ዛፉ ወጣ። ጎጆው ወጣ። የወንድማማቾቹን ስም ማሳው ላይ ልጽፍ ስል አቶ ዮናስ ከለከለኝ።

«ስም ከጻፍሽበት ለምስክሩ መልስ ሰጠነው ይባላል። ቀለም ብቻ ይሁን። ምስክሩ ራሱ ይጠቁም።»

ከዚያ በጣም የኮራሁበትን ነገር አደረግሁ። ንድፉን አዞርሁት። ባለሙያው ሰሜንን ከላይ አድርጎ ነበር። ዳኛ ግን ወፍ አይደለም ብዬ አሰብሁ፤ ምድርን ከሰማይ አያያትም። እኔ አስፋልቱ ላይ ቆሜ ያየሁትን እንዲያይ ፈለግሁ። አምስት ክንድ አቡጀዴ ገዛሁና ወጠርሁት። አስፋልቱን ከግርጌ ግራጫ አድርጌ፣ ጣናን ከራስጌ ሰማያዊ ቀባሁት። ጉማራ በጎን በኩል ከግርጌ ተነሥቶ ራስጌ ድረስ ይሄዳል። ወደ አስፋልቱ ያለው የእቴ አጸደ ማሳ ቢጫ ሆነ። ወደ ጣና ያለው የአያ ጌጡ አረንጓዴ። የሰሜን ቀስቷ ብቻ ቀርታ ነበር፤ እሷንም ዓይን ትወጋለች ብዬ አወጣኋት። አንድ ቃል አልነበረበትም። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሳየው ያለ ንግግር የሚናገር ሥራ ነበር። ደጋግሜ አየሁት።

እቴ አጸደ መጥታ ስታየው መጀመሪያ ሳቀች።

«አልጋ ልብስ ይወጣዋል» አለች።

ቢጫው የእሷ መሆኑን ነገርኋት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ሰማያዊውን መስመር ከአስፋልቱ ጀምራ እስከ ጣና ተከተለችው። ጣቷን ሳታነሣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ውኃው ሽቅብ ነው እንዴ የሚሄድ?»

«ሥዕል ነው እኮ እቴ። ውኃ አይፈስበትም» አልኋት።

«እህ። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና ጣቷን አነሣች።

አንድ ጥያቄ ብጨምር፣ «ሽቅብ ማለትሽ ምንድን ነው?» ብላት፣ ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር። አልጠየቅሁም። ቀለሙ እንዳይነካ እየተጠነቀቅሁ ነበር።

የቀጠሮው ቀን አቡጀዴውን ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ። በረንዳው ላይ አያ ጌጡ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። ጠበቃ የለውም። ከእሱ ወገን ሁለት ምስክሮች አጠገቡ ናቸው።

«ምነው ዋርሳዬ፣ መጋረጃ ይዘሽ መጣሽ?» አላት እቴ አጸደን፣ አቡጀዴውን አይቶ። «እዚሁ ልታድሪ ነው?»

«አንተን የምጋርድበት ነው ዋርሳዬ» አለችው። «ፊትህን ሳላይ እንድከራከር።»

ምስክሮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ጌጡም ሳቀ። አንድ ማዕድ ሲበሉ የኖሩ ሰዎች መሆናቸው ያኔ ገባኝ።

ቄስ መርሻ ጥግ ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጀምሮታል፤ ሰውን የሚያውቁት በድምፅ ነው። እቴ አጸደ መስቀላቸውን ስትሳለም «አይዞሽ ልጄ፤ እኔ የማውቀውን እናገራለሁ፤ የቀረውን ባለቤቱ ያውቃል» አሏት።

ምስክሮች ሁሉ ከውጭ እንዲቆዩ ተደረገ። እኛ ገባን። ግድግዳው ላይ መስቀያ ስላልነበረ አቡጀዴውን አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ችሎት አስከባሪው ይዘን ቆምን። አቶ ዮናስ አስረዳ። ከግርጌ አስፋልቱ፣ ከራስጌ ጣና፣ ወንዙ ይኼ፣ ሁለቱ ማሳዎች እነዚህ። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አልበለጠም። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ግልጽ ነው» አሉ።

ያቺን ቃል ስሰማ ጨርቁን ከፍ አድርጌ ያዝሁት።

የጌጡ ምስክሮች ቀድመው ገቡ። ሁለቱም ወደ አስፋልቱ ያለው የጌጡ ነው አሉ፤ ሲጠቁሙ ግን እርስ በርሳቸው የማይስማማ ነገር ተናገሩ፣ አንደኛው መቼ እንደ ተካፈሉ እንኳ አያውቅም። አቶ ዮናስ በመስቀለኛ ጥያቄ አደከማቸው። ዳኛዋም ያመኗቸው አልመሰለኝም። ሁሉ ነገር ቄስ መርሻ ላይ ቀረ።

ገቡና ማሉ። ድምፃቸው ለሽማግሌ ሰው ድምፅ ጠንካራ ነበር።

«ቢያድግንና ጌጡን ያካፈልሁ እኔ ነኝ፣ ከሞቱት ሽማግሌዎች ጋር» አሉ። «ቢያድግ ታላቅ ነውና ምርጫው የእሱ ነበር። ላይኛውን መረጠ። ታችኛው ለጌጡ ደረሰ። ላይኛው የቢያድግ ነው።»

«አባ፣ እንግዲህ በሥዕሉ ላይ የቢያድግን ማሳ ያሳዩን» አላቸው አቶ ዮናስ።

ቄስ መርሻ ቀረብ አሉ። ፊታቸው ከጨርቁ አንድ ስንዝር እስኪቀር ጎንበስ አሉ። ሥዕሉ ሲብራራ ከውጭ ነበሩ፤ ከግርጌ ያለው አስፋልት መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ያዩት ሁለት ቀለም ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ጣታቸው ከግርጌ ተነሣች። ቢጫውን አለፈች። አረንጓዴው ላይ ቆመች።

«ይኸው፣ ላይኛው» አሉ።

ጣታቸውን ጫን ሲያደርጉ ጨርቁ በእጄ ውስጥ ተሳበ። ያን መሳብ እስካሁን እጄ ያውቀዋል።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ለዚህ ለፎገራ ሜዳ ገበሬ ላይ ማለት ውኃው የሚመጣበት ነው። ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሣል፣ አስፋልቱን በድልድይ ሥር ያልፋል፣ ወደ ጣና ይወርዳል። አስፋልቱ ላይ ነው፤ ጣና ታች ነው። «እንውረድ» ያለችኝም፣ «ውኃው ሽቅብ ነው እንዴ» ያለችኝም ለዚህ ነው። ቄስ መርሻን ሜዳው ላይ ቢያቆሟቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ አስፋልቱ ይጠቁሙ ነበር። እኔ ግን ምድራቸውን ገልብጬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም አምነውኝ ላዩን ላይ አሉት።

ወደ እቴ አጸደ አየሁ። ከእኔ ቀድሞ ገብቷት ነበር። አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«ክብርት ዳኛ፣ ሥዕሉ—» አልሁ።

«አንቺ ምስክር አይደለሽም» አሉ ዳኛዋ። ቁጣ አልነበረበትም። «ጨርቁን ያዢ፤ ዝም በይ።»

ዳኛዋ ወደ ቄስ መርሻ ዞሩ። «አባ፣ እርግጠኛ ነዎት? ይኼኛው ነው የቢያድግ?»

«ላይ ያልሁት ላይ ነው» አሉ። «ምዬ ነው የመጣሁ።»

ዳኛዋ አያ ጌጡን መስቀለኛ ጥያቄ እንዳለው ጠየቁት። ጌጡ ተነሥቶ ቆመ። አረንጓዴውን አየ፣ ቢጫውን አየ፣ ቀጥሎ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ገብቶታል። እሱም የዚያ ሜዳ ልጅ ነው፤ ቄሱ ምን እንዳሉ፣ ጣታቸው የት እንዳረፈ፣ በመካከሉ ምን እንደ ተፈጠረ ከሁላችንም በላይ ያውቃል።

«ጥያቄ የለኝም» አለ።

አቶ ዮናስ ያኔ ነው ከድንጋጤው የነቃው። ድጋሚ ልጠይቅ አለ። መስቀለኛ ጥያቄ ካልቀረበ ድጋሚ ጥያቄ የለም ተባለ። ፍርድ ቤቱ ቦታው ድረስ ሄዶ ይይልን ብሎ አመለከተ።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ምስክሩ የአንተ ነው፤ ሥዕሉም የአንተ ነው። ሁለቱም ግልጽ ናቸው። ያልተገለጸልህ የትኛው ነው?»

አቶ ዮናስ ቁጭ አለ።  ግልጽ እንዲሆን ነበር ሌት ተቀን የደከምሁት።

ስንወጣ ቄስ መርሻ በረንዳው ላይ ይጠብቁን ነበር። ፊታቸው ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

«ተናገርሁልሽ ልጄ» አሏት። «የቢያድግን አሳየሁልሽ።»

እቴ አጸደ ዝቅ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። «እግዜር ይስጥልኝ አባ» አለች። ድምፅዋ ምንም አልተለወጠም። ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አወረደቻቸውና ባጃጅ ላይ አሳፈረቻቸው። ከዚያ ተመልሳ መጥታ አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። 

ፍርዱ ሰኔ ላይ ተነበበ። ወደ አስፋልቱ ያለው የጌጡ ነው ተባለ።

አቶ ዮናስ ይግባኝ ማለት ይቻላል አለ። ቄስ መርሻ ላይ ሲሉ ወደ አስፋልቱ ማለታቸው እንደ ነበር፣ በሥዕሉም ተሳስተው እንደ ጠቆሙ በቃለ መሐላ ከፈረሙ ጉዳዩ እንደ ገና ሊታይ ይችላል። ማመልከቻውን እኔው ተየብሁት። እቴ አጸደ እንድትፈርም ቤት ድረስ ወስደን ሰጠናት። አነበብንላት። እስኪያልቅ ሰማች፤ ወረቀቱን ግን አልተቀበለችም።

«አባ ምለው ነው የተናገሩ» አለች። «አሁን ደግሞ ምለው ተሳስቻለሁ ይበሉ ነው የምትሉኝ?»

«እሳቸው ላይ ጥፋት የለም እኮ እቴ» አልኋት። «ጥፋቱ የሥዕሉ ነው። የእኔ ነው። እሱን ነው የምንጽፈው።»

«አንቺን ማን ያውቅሻል? አገሩ የሚያወራው ቄሱ ሁለት ጊዜ ማሉ ብሎ ነው። አንዴ ለጌጡ፣ አንዴ ለአጸደ ይላል። እቤተ መቅደስ ሲገቡ በዓይኑ ይከተላቸዋል።»

«መሬቱስ?» አላት አቶ ዮናስ።

«እኔ መሬቱን ባጣ አሸዋው አለልኝ» አለች። «እሳቸው ቃላቸውን ቢያጡ ምን አላቸው? ቢያድግን ፈትተው የቀበሩ ሰው ናቸው። የእኔን ጉድ ሁሉ ሰምተው አንድ ቀን ዓይናቸውን ያልቀየሩብኝ ሰው ናቸው። በስተርጅናቸው እኔ ላዋርዳቸው?»

አቶ ዮናስ ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለሰው። ስንወጣ እኔን ብቻ ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

«ለአባ እንዳትነግሪ። በወረቀት ጉድለት ነው የተረታሁ ብያቸዋለሁ። አንቺም እንደዚያው በያቸው። በቢያድግ አፅም ይዤሻለሁ።»

ለዚህ ነው የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይሬ የጻፍሁት።

ጥቅምት ላይ ሜዳው ሩዝ ደርሶበት ወርቅማ ሲሆን፣ ቄስ መርሻ ወደ ሥራ ቤታችን መጡ። አንድ የደብር ደብዳቤ ሊያስተይቡ ነው። ወንበር ሰጠኋቸው። ተየብሁላቸው። ደብዳቤው ካለቀ በኋላም አልተነሡም።

«ያን ሥዕል የሣልሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«እጅሽ ይባረክ። እኔ ይኸው የሰው ፊት አልለይም። ያንን ግን ጎንበስ እንዳልሁ ወዲያው ነው ያገኘሁት። ላዩ ላይ፣ ታቹ ታች። እንዲህ አድርጎ የሚሥል ሰው አለ እንዴ ብዬ ገረመኝ።»

 ያለቀውን ደብዳቤ አጥፌ ሰጠኋቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ ምኑ ላይ ነው የተረታነው?» አሉኝ። «እሷን ስጠይቃት ወረቀት ወረቀት ትለኛለች። እኔ የወረቀት ነገር አይገባኝም። የጎደለው እኔ ጋ ከሆነ ንገሪኝ። ለዚህ ነው የመጣሁ፤ ለደብዳቤው ልጅ ብልክ ይበቃ ነበር።»

ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። እውነቱን ልናገር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የመቋሚያቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው እንዴት አጥብቀው እንደ ያዙት አየሁ።

«እርስዎ ጋ የጎደለ የለም አባ» አልሁ። «የወረቀት ጉዳይ ነው።»

ይኼ ግማሹ እውነት የሆነ ውሸት ነው፤ ያ ግን አላቀለለልኝም። ቄስ መርሻ እፎይ ሲሉ ተሰማኝ። መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን፣ ከዚያ ቀኝ እጄን ባረኩ። እጄን ደግመው ባረኩት። ለሚመጣው ሰው ሁሉ እንዲህ ባለው ሥራ እርጂ አሉኝና ወጡ።

እቴ አጸደ አሸዋውን ለማንሣት ሞክራ ነበር። በአካፋ እያወጣች በቅርጫት እየተሸከመች ወደ ወንዙ ትመልሰዋለች አሉኝ። ሄጄ ሁለት ቀን አገዝኋት። የቆፈርነው ቦታ የአንድ አልጋ ስፋት አይሞላም። አያ ጌጡ ከወዲያ ማሳ ሩዙን ያጭዳል፤ ቀና ብሎ አላየንም። በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ ቁና ሩዝ ደጇ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አልመለሰችውም፤ አላመሰገነችውም። በሚቀጥለው ክረምት ጉማራ መልሶ ጫነበት። እሷም አንበሳሜ ያለችው ልጇ ዘንድ ልትሄድ ተነሣች።

የሄደች ዕለት ሚኒባሱ እስኪሞላ ወረታ መናኸሪያ አጠገቧ ቆምሁ። ዕቃዋ አንድ ሣጥንና አንድ ጆንያ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት ፈልጌ ስጀምር እጇን አወዛወዘች፤ ተይው ማለቷ ነው። ይልቅ ስለ ቄስ መርሻ ጠየቀችኝ።

«አባ መጥተው ነበር አሉ፣ አንቺ ዘንድ።»

«መጥተው ነበር።»

«ምን አልሻቸው?»

«አንቺ እንዳልሽኝ።»

ሣጥኗን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገች። «ሲሄዱ ደስ ብሏቸው ነበር?»

«አዎ» አልኋት። «እፎይ ብለው ነው የሄዱ።»

«እንግዲያው ይበቃል» አለችና ገብታ ተቀመጠች።

ረዳቱ በሩን ዘጋው። በመስኮት አንገቷን አውጥታ ወደ ቤትሽ ግቢ የሚል ምልክት አሳየችኝ። መኪናው ወደ ድልድዩ አቅጣጫ ሲሄድ ማሳዋን በየትኛው በኩል እንደምታየው አውቃለሁ። አየችው አላየችው ግን አላውቅም።

አቶ ዮናስ ሌላ ሥዕል እንድሠራለት ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ጥሩ ነገር ነው፤ ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ ዛሬም አምናለሁ። እጄ ግን እሺ አላለኝም። ግጥምም ስጽፍ አንድ ቃል ልሰርዝ ብዕሬን አነሣና፣ ይቺ ቃል ለማን ታስፈልግ ይሆን እያልሁ እቆማለሁ። እስካሁን አንድም የጨረስሁት የለም።

እሷ «ይበቃል» አለች። ለእሷ በቅቷት ይሆናል፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው ናት። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔን አልበቃኝም።